ከአራተኛው ፎቅ ያልወረደው ሰው

የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የመጣው አንድ ምሽት፣ እንቁ ለነገ ሥራ ሸሚዟን ስትተኩስ ነው። የቁም ሣጥኑ በር ማንም ሳይነካው ተከፈተ። አምፖሉ መወዛወዝ ጀመረ። ቀጥሎ ወለሉ፣ የቆመ አውቶቡስ ሞተሩ ሲነሣ እንደሚያደርገው፣ ከእግሯ ሥር መንዘር ያዘ። እንቁ ካውያውን ሳትነቅል ሮጠች። የሚኖሩት አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ደረጃው ልጅ ባቀፈ፣ እናቱን በደገፈ፣ ባዶ እግሩን በወጣ ሰው ተሞልቷል። የሚጮህ የለም። የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር። ግቢው ደርሳ እጇን ስታይ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዛለች። ባሏን ያሰበችው ያን ጊዜ ነው።

ኃይለየሱስን ያወረደው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ጉተማ ነው። ወጥቶ ሲያየው ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አገኘው። ሁለቱ ሲወርዱ ኃይለየሱስ ነጠላ ጫማውን በሥርዓት አጥልቆ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር። እንቁ አጠገብ ደርሶ፣

«ካውያውን ነቅዬዋለሁ» አላት።

ምድር ቤት ሱቅ ያላት ፎዚያ ይህን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «የጋሼ ኃይለየሱስ ልብ ከብረት ነው የተሠራው» አለች። ከዚያ ምሽት በኋላ ብሎኩ ሁሉ እንዲህ ይለው ጀመር።

ያን ሰሞን መንቀጥቀጡ ከፈንታሌ ተራራ በኩል እየተነሣ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዴ በቀን፣ አንዳንዴ በሌሊት። ሰው ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥሮ፣ ፍራሽ አውርዶ ውጭ ያድር ጀመር። የገና በዓል እዚያው ሸራ ሥር ተከበረ። ለዓመታት በደረጃ ላይ ብቻ ሰላም ሲባባሉ የኖሩ ጎረቤቶች አብረው በሉ፣ አብረው ጸለዩ፣ የየልጆቻቸውን ስም አወቁ። ኃይለየሱስ ግን ጥቂት ቀን አድሮ፣ «ብርዱ ወገቤን ያዘው፤ እኔ ወደ ቤቴ ልግባ» አለ። እንቁ ለመነችው። ፈገግ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ ጠብቆ፣ ለራት ይወርዳል። ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ቀን ካፖርቷን፣ አንድ ቀን ብርድ ልብሷን፣ ሌላ ቀን የሴት ልጃቸውን የማርቲን የሠርግ ፎቶ ከነፍሬሙ ይዞላት ወረደ። በልቶ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ ተመልሶ ይወጣል። እንቁ ባሏ እንዲህ አሳቢ መሆኑን ረስታው ነበር።

የምትሠራው ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ነው። ክሬኑ ኮንቴይነር ባስቀመጠ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ድሮ አይሰማትም ነበር። አሁን ግን ድምፁን በሰማች ቁጥር ራሷን በር ላይ ቆማ ታገኘዋለች። የቢሮ ባልደረባዋ ካሚል ተከትሏት ይወጣና፣ «እትዬ እንቁ፣ ኮንቴይነር ነው እኮ» ይላታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ተመልሳ ስትቀመጥ ግን ሥራዋን አትጀምርም። ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ ውሃ ያለበት ፕላስቲክ ጠርሙስ አቁማ እሱን ታያለች። ውሃው ዝም ካለ ትተነፍሳለች። ውሃው ዝም ብሎም ሰውነቷ የሚነዝርባት ጊዜ አለ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። መሬቱ ይሁን እሷ መለየት አቃታት።

ወደ አዳማ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መስታወቱን ተደግፋ ታስባለች። ቤት ሲደርሰን፣ ማርቲ ስትዳር፣ እሱ ጡረታ ሲወጣ እያለች ስትጠብቀው የኖረችው አንድ ነገር ነበር። ቤቱ በዕጣ ደረሳቸው። ማርቲ ተድራ ሐዋሳ ገባች። ኃይለየሱስም ሞጆ ካለው ቆዳ ፋብሪካ፣ ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሲጠግን ከኖረበት፣ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያ የምትጠብቀው ነገር ምን እንደነበር አሁን ልታስታውሰው አልቻለችም። ይህን ስታስብ የሚመጣባት ፍርሃት ከመንቀጥቀጡ ፍርሃት ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ እግሯን የምታሳርፍበት ነገር የጠፋ ይመስላታል።

መንቀጥቀጡ እየሳሳ ሲሄድ ሸራዎቹም ተራ በተራ ተነሡ። ሰው ወደየቤቱ ገባ፣ በሮች ተዘጉ። እንቁ ብቻ ቀረች። አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኦቦ ጉተማ መጥቶ አጠገቧ ብሎኬት ስቦ ተቀመጠ።

«አካም ጅርታ፣ እንቁ?»

«ደኅና ነኝ፣ ኦቦ ጉተማ።»

«ሁሉም ገባ። አንቺም ብትገቢ ጥሩ ነው። ሰው ማውራት ጀምሯል።»

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለችው።

«ሰውየሽ ደግሞ ተቃራኒሽ ነው» አለ ጉተማ። «ከትናንት ወዲያ ሲነቃነቅ ልጠራው ወጣሁ። በሩን አልቆለፈውም። ያ የተሰነጠቀው የሳሎናችሁ ግድግዳ አለ አይደል? ከሥሩ ወንበር አስጠግቶ ተቀምጧል። ልስኑ ትከሻው ላይ ይረግፋል። ና እንውረድ ስለው ‹እናንተ ውረዱ› አለኝ። እንዲህ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም።»

«የትኛውን ወንበር?»

«የምግብ ጠረጴዛውን።»

ጉተማ ሌላም ብዙ አወራ፤ እንቁ አልሰማችውም። ሳሎኑን በሐሳቧ ታይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ያለው ከተሰነጠቀው ግድግዳ በኩል ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው አያየውም። መስኮቱ ሩቅ ነው። ሰው ወንበር ጎትቶ እዚያ የሚቀመጥበት አንድም ምክንያት የለም፤ ግድግዳው ራሱ ካልሆነ በቀር።

ጉተማ ሲሄድ ዞር ብላ ከፍራሿ ራስጌ የተከመረውን ዕቃ አየች። ካፖርቷ። ብርድ ልብሷ። ፎቶው። የስፌት መኪናዋ። ለክት የምትለብሰው ቀሚስ። እናቷ የሰጠቻት የአንገት መስቀል፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። ሁሉም የእሷ ነው። ከእሱ ዕቃ አንድም የለም።

ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ብርድ ብርድ አላት።

ለራት ሲወርድ የሹራብ ክሮቿን በፌስታል ይዞ ነበር። ተቀብላው አስቀመጠች። መብላት እስኪጀምር ጠበቀች።

«ኃይሌ፣ ወንበሩን ለምን እዚያ ወሰድከው?»

ያኘከውን ዋጠ። «ጉተማ ነገረሽ።»

«ለምን ወሰድከው?»

«እዚያ ይመቸኛል።»

«ልስን በሚረግፍበት?»

እጁን ከሳህኑ ላይ አነሣ። ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ተናገረ።

«ሰው ጎበዝ ይለኛል። ጎበዝ አይደለሁም፣ እንቁ። መፍራት ነው ያቃተኝ። ያን ዕለት አንቺ ስትሮጪ እኔም ልነሣ ነበር። ምን ይዤ ልውጣ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን ልውጣ አልኩ። መልስ ሳላገኝ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ቁጭ ብዬ አስባለሁ። መልሱ አይመጣልኝም።»

«መሞት ትፈልጋለህ?»

«በእጄ ምንም አላደርግም። እግዜርን እፈራለሁ። ብቻ ከወደቀ ይውደቅ እላለሁ። ቢወድቅ የሚጎድል ነገር አይታየኝም።»

«እኔስ?»

«ያንቺን አውርጄልሻለሁ እኮ» አላት።

በለሆሳስ ነው ያለው፤ የታዘዘውን ሠርቶ የጨረሰ ሰው እንደሚናገረው። ከፎዚያ የተዋሱትን ሳህን አጥቦ መለሰና ወደ ደረጃው ሄደ። እንቁ ተከተለችው። ደረጃው ሥር ስትደርስ እግሯ ቆመ። ኮቴው ከላይ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ በሩ ሲዘጋ ተሰማት። ቁልፍ ሲዞር አልሰማችም።

ለማርቲ ደወለች። «አባዬ ደኅና ነው?» ስትላት፣ «ደኅና ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ላይ ያለውን መስኮት እያየች፣ ምድር ዝም እንድትል ስትለምን ነጋ። እስከ ትናንት ለራሷ ነበር የምትፈራው። አሁን ፍርሃቱ ወደ ላይ ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ደግሞ እዚያ መድረስ አትችልም።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፎዚያን፣ «እኔ ልወጣ ነው። ካልወረድኩ ለኦቦ ጉተማ ንገሪው» አለቻት። ፎዚያ ነገሩ አልገባትም፤ ፊቷን አይታ ግን ምንም አልጠየቀችም። «አብሬዎት ልውጣ?» አለቻት ብቻ።

«አይ። ሁለት ሰው ካየ አያወራም።»

አንደኛ ፎቅ ድረስ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ላብ አጠመቃት። የአንዱ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል፤ ሰዎች እንደ ድሮው እየኖሩ ነው፣ እሷ ግን እያንዳንዱን እርከን ከመርገጧ በፊት በእግር ጣቷ ትነካካዋለች። ሦስተኛው ላይ ከባድ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ የደረጃው ብረት በእጇ ውስጥ ነዘረ። ቁጭ አለች። ተመለሺ፣ ተመለሺ ይላታል መላ አካሏ። ተቀምጣ እያለች ታዲያ አንድ ነገር አሰበች። እሱ ከላይ ሆኖ ይሄንኑ ንዝረት እየሰማ ነው፤ ሲሰማም ደስ ይለዋል። ይህ ሐሳብ ከኋላዋ ካለው ፍርሃት የባሰ ስለነበረ ተነሥታ ወጣች።

በሩ ክፍት ነው። ኃይለየሱስ ጉተማ እንዳለው ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ቤቱ ተጠርጓል። የእሷ ቁም ሣጥን ባዶውን ተከፍቷል። በፎቶው ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል። በሩ አጠገብ ሁለት ሻንጣ ቆሟል፤ የቀሩት ልብሶቿ መሆናቸውን ሳትከፍት አወቀች። ለብዙ ዓመት የኖረችበት ቤት እሷ ኖራበት የማታውቅ እንዲመስል ተሰናድቷል።

«እንዴት ወጣሽ?» አላት። ደነገጠ።

«በእግሬ።»

ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር አስቀመጠችና ተቀመጠች። ከጀርባዋ ያለው ስንጥቅ በአከርካሪዋ ላይ የሚሄድ መሰላት።

«እዚህ አትቀመጪ።»

«ይመቸኛል ብለህ የለ?»

ዓይኑን ከሻንጣዎቹ ላይ ሳያነሣ ተናገረ። «ስሰናበት ኬክ ቆረሱልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ። በማግሥቱ በለመድኩት ሰዓት ነቃሁ። ጫማዬን አሰርኩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አንቺ ሥራ ሄደሻል። ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ያለውም ቀን ሁሉ ያው ነው። ማሽኑ ሲሠራ ድምፁን ስሰማ እኔ ነኝ ያስነሣሁት እል ነበር። ለእንጀራ ብቻ ብዬ የምሠራ ነበር የሚመስለኝ።»

«አልነገርከኝም።»

«ምን ብዬ? አላመመኝም። አልራበኝም። ሰው ቤት አጥቶ ይለምናል፣ እኔ ቤት አለኝ። ምን ጎደለህ ብትይኝ መልስ የለኝም።»

«አልጠየቅኩህማ» አለች እንቁ። ቀጥላም፣ «እኔ ያን ዕለት ስሮጥ ምን ይዤ እንደወጣሁ ታውቃለህ? የቴሌቪዥን ሪሞት» አለችው።

አያት። «ሪሞት?»

«ሪሞት። ከቤቴ ሁሉ መርጬ።»

ከአፍንጫው ትንፋሽ መሰል ነገር ወጣ። ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ሲስቅ ከሰማችው ቆይታለች።

የዚያን ጊዜ መጣ።

መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ ጮኹ። ቀጥሎ ከታች፣ ከመሬቱ ሆድ፣ አንድ ከባድ ነገር ዞር ያለ መሰለ፤ ወለሉ ወደ ጎን ሄዶ ተመለሰ። የሻንጣዎቹ አንዱ ወደቀ። ከየቤቱ ሰው እየወጣ በደረጃው ሲወርድ ይሰማል። ኃይለየሱስ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እንቁ የወንበሯን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨመደደች። አልተነሣችም። ያን ጊዜ ለምን እንዳልተነሣች በኋላ ብዙ ጊዜ አስባበታለች። እሱን ትቼ አልወርድም ብላ ይሁን፣ እግሯ ከድቷት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ውረጂ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«እንቁ፣ ውረጂ እያልኩሽ ነው።»

የልስን ቁራጭ ተላቆ ፀጉሯ ላይ አረፈ፤ አቧራው በፊቷ ወረደ። ኃይለየሱስ ዓይኑን ገለጠና አያት። ነጭ ሆናለች። ቀና ብሎ ከራሷ በላይ ያለውን ስንጥቅ አየ፤ ለሳምንታት ሥሩ ተቀምጦበት ልክ ያን ጊዜ ያየው ይመስል ነበር።

ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣ አላየችውም። ብብቷን ይዞ አነሣት። በበሩ፣ በኮሪደሩ፣ በደረጃው እየጎተታት፣ አንዴም ሊወድቁ ሲሉ በትከሻው ግድግዳውን እየገፋ አወረዳት። ነጠላ ጫማው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀረ። ግቢው ሲደርሱ ምድር ዝም ብላለች። ኃይለየሱስ አጥሩን ይዞ ጎንበስ አለና አስታወከ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኦቦ ጉተማ ሮጦ ደገፈው፤ ፎዚያ ውሃ አመጣች።

«ፈራሁ» አለ እንቁን እያየ። «ኧረ ፈራሁ።» ሕፃን ሲያለቅስ እንደሚያደርገው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደጋገመው። ጎረቤቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ የብረት ልብ ያሉትን ሰው እንዲህ ማየት ከበዳቸው። እንቁ ግን እቅፍ አድርጋ ያዘችው።

በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጥቶ ብሎኩን አየ። ስንጥቁ የልስን እንጂ የምሰሶ አይደለም፣ ቤቱም አይወድቅም አለ።

ማርቲ ከሐዋሳ መጥታ አባቷን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ልዩ የምትባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያም በየሳምንቱ ታነጋግረው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። «ልጄ የምታክል ሴት ለምን ትኖራለህ ብላ ትጠይቀኛለች» አለ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ልዩ ያን እሑድ ከወንበሩ ያስነሣው ምን እንደነበር ጠየቀችው። «እሷ ተቀምጣ ነበራ። ልስን ፀጉሯ ላይ ወደቀ» ብሎ መለሰላት። ይህን ለእንቁ ሲነግራት መልሱ እንዳነሰበት ያስታውቅ ነበር፤ ልዩ ግን አላነሰባትም፣ ሌላም አልጠየቀችው።

ዳነ ማለት አይቻልም። የኦቦ ጉተማ ወንድም ጫምሳ በዓለም ጤና ከተማ አቅራቢያ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፤ የውሃ ፓምፑ በተበላሸ ቁጥር ኃይለየሱስን ያስጠራው ጀመር። የጎረቤት አርሶ አደሮችም እንዲሁ። የሚሄድበት ቀን አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የማይነሣበት ቀንም አለ። እንቁ ወደ አራተኛው ፎቅ ተመልሳለች፤ ልብሶቿ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። የሞጆው ሚኒባስ ውስጥ ሆና በየማለዳው ትደውልለታለች፤ ስልኩ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ለሷ ረጅም ነው። «አለሁ» ይላታል። አንዳንድ ቀን ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው ባዶነት ይሰማታል። ያን ቀን ሥራውን ለካሚል ትታ ቀድማ ትመለሳለች።

በቅርቡ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም፣ ኃይለየሱስ ከዓለም ጤና ቀድሟት ገባና እሷ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ጠበቃት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል።

«መንገድ ስሻገር ኢሱዙ ሊገጨኝ ነበር» አላት። «ዘለልኩ። ሳላስብ ቦዩ ውስጥ ዘለልኩ። ልቤ እስካሁን ይመታል፤ እይው።»

እጇን ወስዶ ደረቱ ላይ አደረገው። እንቁ ምቱ ተሰማት። ከዚያም ኢሱዙው ታያት፣ ቦዩ ታያት፣ የማይነሣ ስልክ ታያት። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ጭቃው ወለሉን ነካው።

«አንቺስ» አላት ቆይቶ፣ «ዛሬ ምን አስፈራሽ?»

እሷም ነገረችው።